ምስጋናው ለማን ደረሰ? ሽንቱ የተዘጋበት ድመትና ከሕክምናው በኋላ የሆነው

ይህ የጉዳይ ጥናት በአንድ የእንስሳት ክሊኒክ ታክሞ ስለዳነ አንድ ወንድ ድመት የሚያወሳ ቢሆንም ዋና ትኩረቱ በሕክምናው ላይ አይደለም። የሚመረምረው ድመቱ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ባለቤቱና እህቱ ሐኪሟን ለማመስገን ያደረጓቸውን ነገሮች፣ ከእነዚህም መካከል የትኛው እንደ ጠቀመ፣ የትኛው እንዳልተሳካና የትኛው ሳይታሰብ ጉዳት እንዳስከተለ ነው። ጉዳዩን ያጠናቀርኩት ከሕክምና መዝገቡ፣ ከተጻፈው ደብዳቤ እንዲሁም ከባለቤቱና ከክሊኒኩ ሠራተኞች ጋር ካደረግኋቸው ውይይቶች ሲሆን፣ ሁለቱም ወገኖች እንዲጻፍ ፈቅደዋል። ማንነታቸውን የሚጠቁም ነገር ሁሉ ሆን ተብሎ ቀርቷል።

ጉዳዩን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ሐኪሟ በመጀመሪያው ውይይታችን የነገሩኝ ነገር ነው። በእጃቸው ላይ የሞቱትን እንስሳት አንድ በአንድ እንደሚያስታውሷቸው፣ አክመው ከሸኟቸው ውስጥ ግን ምን ያህሉ በእርግጥ እንደዳኑ እንደማያውቁ ገለጹልኝ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የዳነ እንስሳ ወደ ክሊኒክ አይመለስም። ተመልሶ የሚመጣው ሕክምናው ያልሠራለት፣ መድኃኒቱ ያልተስማማው ወይም ቁስሉ ያመረቀዘ ነው። በመሆኑም አንድ የእንስሳት ሐኪም ስለ ራሱ ሥራ የሚደርሰው መረጃ ከጅምሩ ወደ መጥፎው ያጋደለ ነው፤ ከታካሚ ቤተሰብ የሚመጣ ምስጋናም ጥቅሙ የሚመዘነው ይህን ክፍተት በመሙላቱ መጠን ይመስለኛል። ቀጥሎ የሚቀርበው ታሪክ ይህን አስተያየት ያጠነከረልኝ ነው።

የድመቱ ሕመምና ሕክምናው

ድመቱ አምስት ዓመት የሞላው፣ የተኮላሸ፣ ከቤት የማይወጣና አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ምግብ የሚመገብ ነበር። አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ወደ አሸዋ ሣጥኑ እየተመላለሰ ሲያምጥ፣ ብልቱን ደጋግሞ ሲልስና ሲጮኽ ታየ። ባለቤቱ ሆዱ ደርቆ ነው ብሎ ስለገመተ እስከ ጠዋት ለመጠበቅ ወሰነ። ይህ ግምት በብዙ ቤት የሚያጋጥም ነው፤ ለመሽናት የሚያምጥን ድመት ከሩቅ ያየ ሰው ሆድ ድርቀት ከያዘው ድመት ሊለየው አይችልም። እህቱ ግን ቢያንስ ስልክ እንዲደውል ወተወተችው። ክሊኒኩ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ስልኩን ያነሣችው ሠራተኛ፣ የሆድ ድርቀት መድኃኒት ትንገረኝ ብሎ የደወለውን ሰው ሦስት ነገር ጠየቀችው፤ ድመቱ ወንድ ነው ወይስ ሴት፣ ዛሬ ሽንት ሲሸና በዓይንዎ አይተዋል ወይ፣ እያስመለሰው ነው ወይ። መልሶቹን እንደሰማች «ጠዋት ድረስ አይቆይም፤ አሁኑኑ ይዘውት ይምጡ፤ ሐኪሟን እንዲጠብቁዎት እነግራቸዋለሁ» አለችው።

በሕክምናው ቋንቋ የተፈጠረው የሽንት መውጫ ቱቦ መዘጋት ነው። የወንድ ድመት የሽንት ቱቦ ወደ ጫፉ እየጠበበ ስለሚሄድ፣ ዝልግልግ ፈሳሽ፣ የእብጠት ዝቃጭና የማዕድን ክሪስታሎች ተደባልቀው እንደ ውታፍ ይደፍኑታል። ሽንት መውጫ ሲያጣ ፊኛው ይወጠራል፤ ኩላሊት ሥራውን ለማከናወን ይሳነዋል፤ ከሰውነት መወገድ የነበረበት ፖታሲየም የሚባለው ማዕድን በደም ውስጥ ይከማቻል። ሙሉ በሙሉ የተዘጋበት ድመት በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ለሞት የሚያሰጋ ሁኔታ ላይ ይደርሳል፤ የሚገድለውም ብዙውን ጊዜ ሕመሙ ራሱ ሳይሆን ከፍ ያለው ፖታሲየም በልብ ምት ላይ የሚያደርሰው መዛባት ነው። ክሊኒክ ውስጥ የሚታይ ጤነኛ ድመት ልብ በደቂቃ ከ140 እስከ 220 ጊዜ ይመታል። ይህ ድመት ሲደርስ የልቡ ምት ከ120 በታች ወርዶ ነበር፤ የፈራና የተጨነቀ እንስሳ ምቱ መፍጠን ሲገባው መዝገሙ ለሐኪሟ በቂ ማስጠንቀቂያ ነበር።

ሐኪሟ በቅድሚያ ካልሲየም ግሉኮኔት በደም ሥር ሰጡት። ይህ መድኃኒት ፖታሲየሙን አይቀንስም፤ ልብን ለግማሽ ሰዓት ያህል ይከላከልና ሌላው ሕክምና እስኪሠራ ጊዜ ይገዛል። ፖታሲየሙ ወደ ሕዋሳት ውስጥ እንዲገባ ኢንሱሊን ከግሉኮስ ጋር ተሰጠው፤ ከዚያ በማደንዘዣ እንዲተኛ ተደርጎ በጣም ቀጭን ካቴተር (ሽንት የሚያወጣ ሰው ሠራሽ ቀጭን ቱቦ) በሽንት ቱቦው ውስጥ እየገፉ፣ ከጀርም የጸዳ የጨው ውሃ እየረጩ ውታፉን ወደ ኋላ መለሱት። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በኃይል የተገፋ ካቴተር ቱቦውን ሊቀድ ስለሚችል አንዲት ሚሊ ሜትር ለማለፍ ብዙ ደቂቃ የሚወስድበት ጊዜ አለ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሥራ የድመት ባለቤቶች ብዙም አያዩትም። መዘጋቱ ሲለቅ ኩላሊት ያጠራቀመውን በአንድ ጊዜ ለማስወጣት ስለሚጣደፍ ድመቱ ከተለመደው እጅግ የበዛ ሽንት ይሸናል፤ የወጣው ፈሳሽ በመጠኑ ካልተተካ ከመዘጋት የተረፈው ድመት በድርቀት ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ በየጥቂቱ ሰዓት የሽንቱን ከረጢት መመዘን፣ የሚገባውን ፈሳሽ ማስተካከል፣ ልቡን ማዳመጥና ካቴተሩን ነክሶ እንዳያወጣው መጠበቅ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ሌሊቱን ያከናወነው ሐኪሟ ሳይሆኑ የሕክምና ረዳቱ ነበር። በመዝገቡ ውስጥ በእርሱ እጅ የተጻፈው ሠንጠረዥ ከሐኪሟ ማስታወሻ ይረዝማል። ድመቱ ካቴተሩ ወጥቶለት በራሱ መሽናቱ ከተረጋገጠ በኋላ ወደ ቤቱ ተሸኘ፤ ሐኪሟም ሕመሙ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊደገም እንደሚችል፣ ወደ እርጥብ ምግብ መዛወር፣ ውሃ በየቦታው ማስቀመጥ፣ የአሸዋ ሣጥኑን በንጽሕና መያዝና ድመቱን ከጭንቀት መጠበቅ እንደሚያስፈልግ አስረዱ። ሂሳቡ ባለቤቱ ከጠበቀው በላይ ስለነበረ ሐኪሟ ከፊሉን ቀንሰው ቀሪውን በክፍያ እንዲያጠናቅቅ አደረጉ።

ፖስታው፣ አበባውና ጣፋጩ

ባለቤቱ ድመቱን ለመውሰድ በመጣበት ቀን ገንዘብ ያለበት ፖስታ ሐኪሟ እጅ ውስጥ ሊያስገባ ሞከረ። ሐኪሟ አልተቀበሉም። እርሱም በወቅቱ እንደ ትሕትና ቆጥሮት ደጋግሞ ለመናቸው፤ በኋላ ሲያስረዳኝ «የተቀነሰልኝን ገንዘብ በሌላ መንገድ የመለስኩ መስሎኝ ነበር» ብሎኛል። ነገሩ ከሐኪሟ ወገን ሲታይ ግን መልኩ ሌላ ነው። ለአንድ ሐኪም በግል የሚሰጥ ገንዘብ በክሊኒኩ ሂሳብ ውስጥ አይታይም፤ ሌሊቱን ላደረው ረዳት አይደርስም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ለማን ቅድሚያ እንደሚሰጥ በሚወሰንበት ሰዓትም ጥላውን ያጠላል። በብዙ አገሮች ያሉ የሙያ ሥነ ምግባር ደንቦች የሐኪምን ውሳኔ ሊያዛባ ከሚችል ስጦታ እንዲጠነቀቁ የሚያሳስቡት በዚሁ ምክንያት ነው። ሐኪሟ ያቀረቡት አማራጭ፣ ባለቤቶቻቸው መክፈል ለማይችሉ እንስሳት በክሊኒኩ የተቀመጠ ሣጥን እንዳለና ከፈለገ በስሙ ወይም ያለ ስሙ እዚያ ውስጥ መክተት እንደሚችል ነበር። ፖስታው እዚያ ገባ። ባለቤቱ ግን ጥቂት ቅር እንደተሰኘ አልደበቀኝም፤ ምስጋናው ከሐኪሟ ወደ ሣጥን የተዛወረ ያህል ተሰምቶት ነበርና። ይህ ስሜት የሚናቅ አይመስለኝም። ስጦታን የሚመልስ ሐኪም ምክንያቱን በአንድ ሞቅ ያለ ዓረፍተ ነገር ቢያስረዳ ሰጪው እንደተገፋ አይሰማውም፤ በዚያ ቀን ሐኪሟ ሌላ ታካሚ ይጠብቃቸው ስለነበር ይህን ለማለት ጊዜ አላገኙም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ እህቱ ትልቅ እቅፍ አበባና የቸኮሌት ሣጥን ይዛ መጣች። ያን ምሽት ስልኩን ያነሣችው ሠራተኛ በሩ ላይ አስቆመቻት፤ በእቅፉ ውስጥ ከነበሩት አበቦች አብዛኞቹ የሊሊ ዝርያ ነበሩ። እውነተኛ ሊሊ የሚባሉት አበቦችና «የቀን ሊሊ» የሚባሉት ለድመት መርዝ ናቸው። ቅጠላቸው፣ አበባቸው፣ ጸጉር ላይ አርፎ የሚላሰው ብናኛቸው፣ ሌላው ቀርቶ የተቀመጡበት ውሃ እንኳ የድመትን ኩላሊት በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሥራ ሊያስወጣ ይችላል። ከኩላሊት አደጋ የወጣን ድመት ላዳነ ክሊኒክ ከዚህ የባሰ ስጦታ ማሰብ ያስቸግራል፤ እህቱ ይህን ስታውቅ መጀመሪያ ደነገጠች፤ ቀጥላ ደግሞ በቤታቸው ሳሎን እንዲሁ ያለ አበባ መኖሩን አስታውሳ ወደ ቤት ሮጠች። በእኔ ግምት የዚያ ቀን ትልቁ ጥቅም ይህ ነበር። ቸኮሌቱ ተቀባይነት ቢያገኝም ወደ ሠራተኞች ማረፊያ ገብቶ ተቆለፈበት፤ በውስጡ ያለው ቴኦብሮሚን ለውሻ መርዝ ነውና። በክሊኒክ የመጠበቂያ ክፍል ጠረጴዛ ላይ የተተወ ጣፋጭ፣ በተለይም ዛይሊቶል የሚባለው ማጣፈጫ ያለበት ማስቲካና ከረሜላ፣ ለመመርመር የመጣን ውሻ በደቂቃዎች ውስጥ የድንገተኛ ታካሚ ሊያደርገው ይችላል። ለእንስሳት ሐኪም የሚበላ ነገር ማምጣት የፈለገ ሰው በደንብ ታሽጎ፣ በውስጡ ያለው ነገር ተጽፎበት፣ በቀጥታ ለሠራተኛ በእጅ ቢሰጥ ይበቃል።

የእህቱ ጽሑፍ

ይህ የጉዳዩ አስቸጋሪ ክፍል ነው። እህቱ፣ አበባው ባለመሳካቱ ያፈረችውን ያህል ለመካስ ይመስላል፣ በማኅበራዊ መገናኛ ገጿ ላይ ረዘም ያለ የምስጋና ጽሑፍ አወጣች። ጽሑፉ ከልብ የመነጨ መሆኑን ማንም ያነበበ ሰው ይመሰክራል። የሐኪሟ ሙሉ ስም፣ ድመቱን ታቅፈው ሳያውቁ የተነሡት ፎቶግራፍ፣ ወንድሟ ክትትል ለማድረግ ተሰጥቶት የነበረው የሐኪሟ የግል ስልክ ቁጥር በሙሉ ተካትቷል። ከሁሉ በላይ ደግሞ «በሌሊትም ቢሆን ይቀበሏችኋል፤ ገንዘብ ካጠራችሁም ይቀንሱላችኋል» የሚል አለበት።

ጽሑፉ በጓደኞቿና በጓደኞቿ ጓደኞች መካከል በፍጥነት ተዳረሰ። በሚቀጥሉት ቀናት የሐኪሟ ስልክ ሌሊት መጥራት ጀመረ፤ ከደዋዮቹ አብዛኞቹ ድንገተኛ ሕመም ያለበት እንስሳ አልነበራቸውም። ወደ ክሊኒኩ ከመጡት ውስጥ አንድ ደንበኛ ቅናሽ ስላልተደረገለት ጽሑፉን ከስልኩ አውጥቶ ለሠራተኞቹ አሳየ፤ ለአንዱ የተደረገ ለሌላው ለምን ይከለከላል ብሎም ድምፁን ከፍ አደረገ። ሰውየው ከራሱ አንጻር ስሕተት አልነበረበትም፤ ቃል የተገባለት ያህል ነበርና። ነገር ግን ሐኪሟ ቅናሹን ያደረጉት የአንድን ሰው አቅም በአንድ ምሽት ተመልክተው በራሳቸው ውሳኔ ነበር፤ በአደባባይ ሲነገር የምሕረት ሥራ መሆኑ ቀርቶ የዋጋ ዝርዝር ሆነ። የክሊኒኩ ኃላፊም ከዚያ ወዲያ ማንኛውም ቅናሽ በእርሱ ፊርማ ብቻ እንዲደረግ ወሰነ። በዚህ ውሳኔ የሚጎዳው ማን እንደሆነ መገመት አያዳግትም፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ኃላፊው በሌለበት፣ ገንዘብ አጥሮት እንስሳውን ታቅፎ የሚመጣ ሰው ነው።

እህቱ ይህ ሲነገራት ጽሑፉን ወዲያውኑ አነሣችው፤ ቀድተው ያሰራጩትን ግን ማንሣት አልቻለችም። ሐኪሟ የስልክ ቁጥራቸውን ለወጡ።

እዚህ ላይ የግል አስተያየቴን ልጨምር። በአደባባይ ማመስገን ክፉ አይደለም፤ ለአንድ ክሊኒክ መልካም ስም እንጀራው ነው፤ ጥሩ አስተያየት የሚጽፍ ደንበኛም ያስፈልጋል። ጉዳቱ የመጣው ጽሑፉ ሦስት የሌላ ሰው ንብረቶችን፣ ማለትም ስልክ ቁጥርን፣ ፎቶግራፍንና በችግር ጊዜ የተደረገ ውለታን፣ ሳያስፈቅድ በመስጠቱ ነው። የተደረገለትን ውለታ መጠን መዘርዘር ለአመስጋኙ የታማኝነት ምልክት ይመስለዋል፤ ለተመስጋኙ ግን ነገ ከበር ላይ የሚቆም ሰልፍ ሊሆን ይችላል። ስለ ክሊኒኩ መጻፍ የፈለገ ሰው ስለ ሥራው ጥራት፣ ስለ አቀባበሉና ስለ አገላለጹ ቢጽፍና ስለ ገንዘቡ ቢተው ማንም አይጎዳም።

ደብዳቤው

ድመቱ ከተሸኘ ሦስት ሳምንት ሲሞላው ባለቤቱ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጽፎ ለክሊኒኩ ላከ። ከዚህ በፊት የተደረጉት ሙከራዎች ስላልሰመሩ እንደ መጨረሻ አማራጭ ያደረገው ነው፤ በቂ ይሆናል ብሎም አልጠበቀም። በእርሱ ፈቃድ ዋናውን ክፍል እንዳለ አቀርበዋለሁ፦

«ዶክተር፣ ይህን የምጽፈው ለእርስዎ፣ በዚያ ምሽት ስልኩን ላነሣችው ባልደረባዎ እና ሌሊቱን ከድመቴ ጋር ላደረው ረዳትዎ ነው። ስደውል ሆድ ድርቀት ነው ብዬ ነበር፤ ‹ዛሬ ሽንት ሲሸና በዓይንዎ አይተዋል ወይ› ተብዬ ባልጠየቅ ኖሮ እስከ ጠዋት እቆይ ነበር። ረዳትዎ ድመቴ ጭንቅላቱ በፎጣ ሲሸፈን እንደሚረጋጋ አስተውሎ በወረቀት ጽፎ ሰጥቶኛል፤ መድኃኒት ስንሰጠው እንደዚያው እናደርጋለን። እርስዎ ደግሞ ‹ሊደገም ይችላል› ብለው በግልጽ ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። በዚያ ቀን ልሰማው የፈለግሁት ይህን አልነበረም፤ አሁን ግን በየቀኑ ምን ማየት እንዳለብኝ አውቃለሁ። ድመቱ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይሸናል፤ ሳያምጥ ነው። ሙሉ በሙሉ ወደ እርጥብ ምግብ የተዛወረው ከአንድ ሳምንት በላይ ታግለን ነው። ክኒኑን ስንሰብረው እጅግ መራራ ስለሆነ አረፋ ይደፍቃል፤ በዚህ የተነሣ ሁለት ቀን ሳንሰጠው ቀርተናል። የእህቴ ጽሑፍ ስላደረሰብዎት መጉላላት ሁለታችንም ይቅርታ እንጠይቃለን። መልስ መጻፍ አይጠበቅብዎትም፤ እንዲያውቁት ብቻ ነው።»

በዚህ ደብዳቤ የማደንቀው የቃላቱ ውበት አይደለም፤ «ነፍሴን አዳኑልኝ» ወይም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» የሚል ከዚህ የሞቀ ደብዳቤ በክሊኒኩ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። የሚለየው እያንዳንዱ ምስጋና ከአንድ የተለየ ድርጊት ጋር የተያያዘ መሆኑ ነው። «ጥሩ ሐኪም ነዎት» የሚለው ቃል ለሰሚው ያስደስታል፤ ነገ ምን መድገም እንዳለበት ግን አይነግረውም። «ይህን ጥያቄ ስለጠየቃችሁኝ ድመቴ ተረፈ» የሚለው ግን ይነግረዋል። ክሊኒኩም ያደረገው ይህንኑ ነው። የስልክ ሠራተኛዋ ከልምድ ብቻ ትጠይቃቸው የነበሩት ሦስት ጥያቄዎች በካርድ ላይ ተጽፈው ከስልኩ አጠገብ ተቀመጡ፤ እርሷ በማትኖርበት ሰዓት የሚተካት ሰው «ለመሽናት ያምጣል» ወይም «ሆዱ ደርቋል» የሚል ደዋይ ባጋጠመው ቁጥር እንዲጠይቃቸው ተደረገ። ይህች ሴት ሕክምና አልተማረችም፤ ሥራዋ ስልክ ማንሣትና ቀጠሮ መያዝ ነው። ሐኪም ያልሆነችውን ሰው በሐኪሟ እኩል ያመሰገነ ደብዳቤ ከዚያ በፊት ደርሷት እንደማያውቅ ነግራኛለች።

የሕክምና ረዳቱን በተመለከተ፣ የክሊኒኩ ኃላፊ የደብዳቤውን ቅጂ በሠራተኛ ማኅደሩ ውስጥ አስገባው። ስም ተጠቅሶ ወደ አሠሪ የሚደርስ የጽሑፍ ምስጋና ከስጦታ ይልቅ የሚቆየው በዚህ የተነሣ ነው፤ አበባ በሳምንት ይጠወልጋል፤ በማኅደር ውስጥ የገባ ወረቀት ግን በሥራ ምዘና ጊዜ ይነበባል።

ሐኪሟን ከሁሉ በላይ የረዳቸው ግን ስለ ክኒኑ የተጻፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። መድኃኒቱ መራራ መሆኑን ያውቃሉ፤ ያላወቁት፣ ቤት ውስጥ ሰዎች እየሰበሩ እንደሚሰጡትና በዚህ ምክንያት ጭራሹኑ እንደሚተውት ነው። ከዚያ ወዲህ ለሚያዙላቸው ድመቶች መድኃኒቱ በካፕሱል ውስጥ ሆኖ እንዲሰጥ አደረጉ። ቅር የሚያሰኝ ወሬ በምስጋና ደብዳቤ ውስጥ መግባቱን ብዙ ሰው ነውር አድርጎ ያስባል፤ ሐኪሟ ግን ይህን ባይጽፍ ኖሮ ደብዳቤውን አንብበው ከማስቀመጥ ያለፈ ነገር እንደማያደርጉ በግልጽ ነግረውኛል።

የዚህን መሰል ወረቀት ክብደት ለመረዳት የሙያውን ሸክም ማወቅ ያሻል። የእንስሳት ሐኪም በአንድ ቀን ውስጥ ከቡችላ ክትባት ወጥቶ የሚወዱትን እንስሳ ሕይወት በመርፌ ለማሳረፍ ከወሰኑ ሰዎች ጋር ይቆማል፤ ከዚያ ወጥቶ በሂሳብ ከሚቆጣ ሰው ጋር ይነጋገራል። ማከም እየቻለ ባለቤቱ የሚከፍለው ስለሌለው ብቻ ሕክምናውን መተው ሲኖርበትም ቁስሉ ይከማቻል። በአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ተመራማሪዎች ከ1979 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. የሞቱ የእንስሳት ሐኪሞችን መዝገብ መርምረው ያወጡት ጥናት፣ በዚያች አገር ሴት የእንስሳት ሐኪሞች ራሳቸውን የሚያጠፉበት መጠን ከአጠቃላዩ ሕዝብ 3.5 እጥፍ፣ የወንዶቹ ደግሞ 2.1 እጥፍ መሆኑን አሳይቷል። አንድ ደብዳቤ ይህን ይፈውሳል ማለት ማታለል ይሆናል፤ የሥራ ጫናን የሚቀንሰው የሠራተኛ ቁጥርና የዕረፍት ሰዓት ነው። ነገር ግን አንድ ሐኪም ሥራው መና አለመቅረቱን የሚያውቅበት ሌላ መንገድ ብዙም የለውም።

ሐኪሟ በመሳቢያቸው ያስቀመጧቸውን ደብዳቤዎች አሳይተውኛል፤ ከጠበቅሁት ተቃራኒ ሆኖ ያገኘሁት፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንስሳቸው ካልዳነላቸው ሰዎች የመጡ መሆናቸው ነው። ለዳነ እንስሳ የሚጻፍ ምስጋና በደስታ ውስጥ ይረሳል፤ ለሞተ እንስሳ የሚጻፈው ግን ጸሐፊው ቁጭ ብሎ አስቦበት፣ ሐዘኑ ጥቂት ሲረጋ የሚያደርገው ነው። እንዲህ ያለው ደብዳቤ «የተቻለውን አድርገዋል» ሲል ሐኪሙ ራሱን ደጋግሞ የሚጠይቀውን ጥያቄ ይመልስለታል፤ ለዚህም ነው የጊዜ ገደብ የሌለው። ከወራት በኋላ ቢደርስም አልዘገየም።

ሕመሙ ሲደገም

ከአራት ወር ያህል በኋላ ድመቱ እንደገና ተዘጋበት። ባለቤቱ ምልክቱን ወዲያው ለየ፤ ስልኩን ግን ወዲያው አላነሣም። ለምን እንደ ዘገየ ስጠይቀው ሁለት ነገር ነገረኝ። አንደኛ፣ ያን ሁሉ አመስግኖ «አልዳነም» ብሎ መመለስ ሐኪሟን መውቀስ መስሎ ታየው። ሁለተኛ፣ በደብዳቤው የተነሣ ወዳጅነት ቢጤ የተፈጠረ ስለመሰለው ከሌላ ሐኪም ዘንድ መሄድ ክዳት፣ እርሳቸውን በዕረፍታቸው ቀን ማስጠራት ደግሞ መብት እንደሆነ አስቦ፣ በሁለቱ መካከል ተወዛገበ። ምስጋና በቅንነት ሲሰጥም እንኳ ይህን የመሰለ ይሉኝታ ሊፈጥር ይችላል፤ ይሉኝታው ደግሞ በዚህ ሕመም ላይ ሰዓት ያስከፍላል።

ደግነቱ ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ወደ ክሊኒኩ መደበኛ ቁጥር ደወለ። ሐኪሟ በዚያ ቀን ተረኛ አልነበሩም፤ ድመቱን ሌላ ሐኪም ተቀብሎ ከፈተለት። አዲሱ ሐኪም የመጀመሪያውን ሌሊት ሠንጠረዥ፣ ቀጥሎም ከመዝገቡ ጋር የተያያዘውን ደብዳቤ አንብቦ ባለቤቱን አንድ ነገር ጠየቀው፤ እርጥብ ምግቡ አሁንም እንደቀጠለ። ከሁለት ሳምንት በፊት አቋርጠው ወደ ደረቁ መመለሳቸውን የነገረው ያኔ ነው። የምስጋና ደብዳቤ በመዝገብ ውስጥ እንደ ሕክምና ማስታወሻ ሲያገለግል ያየሁት በዚህ ጉዳይ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ መዘጋቱ እንዳይመላለስ፣ ጠባቡ የቱቦ ጫፍ ተወግዶ ሰፋ ያለ መውጫ የሚሠራበት ቀዶ ሕክምና እንዲደረግለት ተመከረ፤ ክሊኒኩ ይህን ስለማይሠራ ወደ ቀዶ ሐኪም ላኩት። ቀዶ ሕክምናው ተሳካ።

ባለቤቱ በዚህ ጊዜ ረጅም ደብዳቤ አልጻፈም። ስፌቱ ሲወጣ ሁለት መስመር መልእክት ለቀዶ ሐኪሙ፣ ያንኑ ለተረኛው ሐኪምና ለመጀመሪያዋ ሐኪም ላከ፤ ቁስሉ መድረቁን፣ ድመቱ ያለ ችግር መሽናቱንና ለማን ምስጋና እንደሚገባ ይገልጻል። ወደ ሌላ ቦታ የተላከ ታካሚ መጨረሻው ለላከው ሐኪም ስለማይደርሰው ይህ አጭር መልእክት ከመጀመሪያው ባልተናነሰ ጠቅሟል ባይ ነኝ።

ክሊኒኩ አሁን እያንዳንዱ ታካሚ ሲሸኝ በሚሰጠው ወረቀት ግርጌ አንድ ጥያቄ አክሏል፤ «ከሁለት ሳምንት በኋላ እንስሳዎ እንዴት እንደሆነ፣ መልካምም ይሁን ሌላ፣ ይጻፉልን፤ ሊያመሰግኑት የሚፈልጉት ሠራተኛ ካለ ያደረገውን ይጥቀሱ።» መልስ የሚሰጠው ጥቂቱ ሰው ነው። የሚመጡትን መልሶች በየሳምንቱ የምታነበው ስልክ የምታነሣው ሠራተኛ ስትሆን፣ ስም የተጠቀሰባቸውን ስማቸው ለተጠቀሰው ሠራተኞች ታደርሳለች፤ ስለ መድኃኒት ቅሬታ ያለባቸውን ደግሞ ነጥላ በሐኪሟ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጣለች።